ተጫዋች ሰው ብዙ ይኖራል? ስለ ጠባይና ስለ ረጅም ዕድሜ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አባቴ ድሬ ምድር ባቡር ወርክሾፕ 30 ምናምን አመት የሰራ ሰው ነው፣ ጡረታ ቢወጣም ሰዓቱ ግን ከሱ አልወጣም። ቁርስ በሰዓቱ፣ የፕሬዠር ኪኒን በሰዓቱ፣ ጫት አርብ ብቻ፣ እሱም ልክ አለው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር አብረውት የሚቀመጡት ጓደኞቹ «አቦ ለቀቅ አርገው፣ በዚህ አያያዝህ ቀድመኸን ነው የምትሄደው» እያሉ ሲቀልዱበት ኖሩ፣ እኔም ልጁ ሆኜ አብሬ ስቄበታለሁ። ድሬ ላይ እኮ የሚወደደው ቀለል ያለ፣ ግድ የሌለው፣ ሲስቅ የሚውል ሰው ነው፣ ዕድሜውም እሱን የሚያደላ ይመስለናል። በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ስጀምር ትልቁ ስህተት እዚችው ጋ ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛው ስህተት፣ ሳቅና ጨዋታን ብቻ የዕድሜ ምስጢር ማድረግ።
በፈረንጆቹ 1921 ሉዊስ ተርማን የሚባል የስታንፎርድ ሳይኮሎጂስት ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,500 ገደማ ልጆችን መከታተል ጀመረ፣ እሱ ከሞተም በኋላ ሌሎች ቀጠሉበት። በ1993 ማን ቶሎ እንደሞተ ማን እንደቆየ ሲታይ፣ በልጅነታቸው ወላጅና አስተማሪ «ጥንቁቅ ነው፣ የሚታመን ነው» ያሏቸው ናቸው የበለጠ የኖሩት፣ «ፍልቅልቅ ነው፣ ቀልደኛ ነው» የተባሉት ደግሞ በአማካይ ቀደም ብለው ሞተዋል። አንዱ ምክንያት ፍልቅልቆቹ ሲያድጉ መጠጡም ሲጋራውም ድፍረቱም በዛ ያለ መሆኑ ነው፣ «ምን ይመጣል» ባይ ሰው እኮ ሐኪም ቤት የሚሄደው ተሸክመውት ነው።

ግን ደስታ ጎጂ ነው ማለት አይደለም፣ አደራ። በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት አሜሪካ ያሉ 180 ካቶሊክ መነኮሳት ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ስለራሳቸው የጻፉትን አይቶ፣ ጽሑፋቸው ላይ ደስታና ምስጋና የበዛው ረጅም ዕድሜ እንደኖሩ አገኘ። ለኔ ሁለቱ አይጋጩም፣ መነኮሳቱ አንድ አይነት ማዕድ፣ አንድ አይነት ቤት፣ አንድ አይነት ደንብ ላይ ናቸው፣ ጥንቃቄውን ገዳሙ ሰርቶላቸዋል፣ የቀረው ደስታው ነው።

ሁለተኛው፣ ጥንቁቁን ሰው ጭንቀታም ማለት። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው! ጥንቁቅ ኪኒኑን ውጦ ይተኛል፣ ጭንቀታሙ ውጦም አይተኛም። በጠቅላላው ሲታይ ጭንቀታምነት ጤና አይጨምርም፣ ግን እሱም ቢሆን ጉድ አለው፣ በ2017 እንግሊዝ አገር ከ320 ሺህ በላይ ሰው ታይቶ «ጤናዬ ብዙም ጥሩ አይደለም» ከሚሉት መሃል ጭንቀት የሚያበዙት የመሞት ሪስካቸው ትንሽ ዝቅ ያለ ሆኗል። ምናልባት ትንሽ ሲያማቸው ቶሎ ስለሚታዩ ይሆናል። ስለዚህ ደረቴን ወጋኝ ያለችን እናት «አንቺ ደሞ አበዛሽው» ብሎ ዝም ማሰኘት ይቅር።

«የኛ ሰፈር ሰውዬ ሲያጨስ ሲቅም 90 አለፈው» ይሄም ሶስተኛው ነው፣ በየበርጫው የሚነሳ። አዎ አሉ እንደሱ አይነቶች፣ ግን እሳቸውን የምናያቸው ስላሉ ነው፣ አብረዋቸው ሲቅሙ የነበሩትን ቀብረን ረስተናል። በ2013 ከ76 ሺህ በላይ ሰው ያካተተ የጥናቶች ድምር፣ ጥንቃቄ ላይ ዝቅተኛው አንድ ሶስተኛ ውስጥ ያሉት የመሞት ሪስካቸው ከሌሎቹ 1.4 እጥፍ ገደማ ነበር። አማካይ ነው እንግዲህ፣ ለአንድ ሰው ትንቢት አይሆንም፣ አባቴም ነገ ባጃጅ ሊገጨው ይችላል (ያርቅልን)።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። «አመል ከአጥንት ነው፣ በ75 አመቱ ምን ይለወጣል» ብለን እንተዋለን፣ ወይ ደግሞ በተቃራኒው ቀኑን ሙሉ «ተጠንቀቅ፣ ተጠንቀቅ» እያልን እንነዘንዛለን። ሁለቱም አይሰራም። ጠባዩን መቀየር ባይቻል እንኳ ጥንቁቅ ሰው የሚያደርጋትን ነገር መዋስ ይቻላል። ኪኒኑን ከሱብሂ ሶላት ወይ ከጠዋት ቡና ጋር ማሰር፣ የቀኖቹ ክፍል ያላት ሳጥን ገዝቶ አርብ አርብ መሙላት፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቆ ሰዓቱን ማስተካከል። በተለይ ውሃ! ሽማግሌ ሰው ጥማት እንደ ወጣት አይሰማውም፣ የድሬ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ያለ ሰው ሳይጠማው ይደርቃል። አባቴ በሰዓት ነው የሚጠጣው፣ ሲሳቅበት የነበረውም በዚህ ነበር።

በነገራችን ላይ «አርጅተዋል እኮ፣ ይተዉት» የሚለውም ይቀነስ። በ2002 የወጣ የኦሃዮ ጥናት 660 ሰዎችን ተከታትሎ፣ እርጅናን በጥሩ አይን የሚያዩት በአማካይ 7.5 አመት በልጠው እንደኖሩ አሳይቷል። ወንበር መልቀቅ ክብር ነው፣ የጀመሩትን ስራ ከእጃቸው መንጠቅ ግን ሌላ ነው።

አምስተኛው፣ ዝምተኛን ብቸኛ ማድረግ። የሚጠቅመው ወሬኛ መሆን ሳይሆን ሰው መኖሩ ነው፣ በ2010 የ148 ጥናቶች ድምር የጠበቀ ማህበራዊ ግንኙነት ያላቸው በህይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሐረር አፎቻን፣ የሐረሪዎቹን የመረዳጃ ማህበር፣ አስቡ፣ ሐዘንም ሰርግም ሲሆን መገኘት ግዴታ ነው፣ ጠባይሽ ክፍት ነው ዝግ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ዝምተኛዋም ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ከቀረች ደግሞ ትፈለጋለች። እድርም እንደዛው።

የመጨረሻው ጸጸት ያለበት ነው። የአጎቴ ሚስት ሐረሪ ናት፣ ጁገል፣ አጥር ውስጥ ያለው የድሮው ሐረር፣ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ አፎቻ ቀርታ አታውቅም ነበር። ድንገት መቅረት ጀመረች፣ ስንጠራት ትቆጣለች፣ ሰው ጠላች፣ እኛ ደግሞ «እርጅና ነው፣ ጠባይ ይለውጣል» ብለን ከአመት በላይ ተውናት። ጠባይ ከዕድሜ ጋር ቀስ እያለ ይቀየራል እንጂ በወራት ውስጥ አይገለበጥም፣ ከተገለበጠ ዲፕሬሽን ሊሆን ይችላል፣ የመርሳት በሽታ ጅማሬ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ኢንፌክሽን፣ አዲስ የታዘዘ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ መታየት አለበት። የሷ ምን ሆኖ ተገኘ? ጆሮዋ። ሴቶቹ ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ አንዱንም አትለየውም፣ ማፈሯን ለማንም አልነገረችም። አሁን በሚሰማው በግራ ጆሮዋ በኩል ሰው እያስቀመጠች ትሄዳለች፣ ተራው የኔ ከሆነ ወሬውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የምሰማው፣ አንዴ ከሴቶቹ፣ አንዴ እኔው ጮክ ብዬ ስደግምላት።