የአሮጌ ቬስፓ ማርሽ፦ ቆጥሮ ማወቅና ለሚነዱበት መንገድ መምረጥ

አሮጌ ቬስፓ የያዘ ሰው መካኒክ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ «ፍጥነቱ እንዲጨምር ማርሹ ይቀየርልኝ» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ መልሱ የሚገኘው በማርሹ ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ በሚነዳበት ቦታ በእርግጥ በሚያወጣው ጉልበት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የቬስፓ ስኩተር አምራች የሆነው የጣሊያኑ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ያቀረበውን የፒኤክስ ዓይነት ቬስፓ ምሳሌ አድርጎ በመጀመሪያ ያለውን ማርሽ እንዴት መቁጠር እንደሚቻል፣ ቀጥሎም የሚስማማውን እንዴት መምረጥ እንደሚገባ ያስረዳል። ሹፌሮቻችን ዳገት የሚያወጣውን «ከባድ ማርሽ»፣ በሜዳ የሚያስሮጠውን ደግሞ «ቀላል ማርሽ» ስለሚሉት፣ እዚህም ምጥጥኑን (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየውን ቁጥር) ማክበድና ማቅለል የሚሉት ቃላት በዚሁ ትርጉም ያገለግላሉ።

በቬስፓ ላይ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) በቀጥታ በክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኑ በሚያዞረው የሞተር ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከጀርባው 20፣ 21፣ 22 ወይም 23 ጥርስ ያላት ትንሽ ማርሽ አለች፤ እርሷም 68 ወይም 65 ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ ታዞራለች። ይህ የመጀመሪያው የዙር ቅነሳ ነው። ከትልቁ ማርሽ ጋር የተያያዘው ዘንግ 12፣ 13፣ 17 እና 21 ጥርስ ያላቸውን አራት ማርሾች በአንድ ላይ ተሸክሟል፤ ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚሄድ ቅርጽ ስላለው በስኩተር ወዳጆች ዘንድ «የገና ዛፍ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከእርሱ ትይዩ፣ በኋላው ጎማ ዘንግ ላይ፣ 57፣ 42፣ 38 እና 36 ጥርስ ያላቸው ማርሾች ከዘንጉ ሳይታሰሩ ይሽከረከራሉ። ነጂው በግራ እጁ መያዣውን ሲያዞር በዘንጉ ውስጥ የሚንሸራተት የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ከአራቱ አንዱን ከዘንጉ ጋር ይቆልፈዋል። ጎማው በዚያው ዘንግ ላይ ስለሚታሰር ሰንሰለት የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የመጀመሪያው ባለ 98 ሲሲ ቬስፓ ሦስት ማርሽ ብቻ ነበረው፤ አራተኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ከጂኤስ 150 ጋር ነው።

ስሌቱ ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው። 68ን ለ21 ብናካፍል 3.24 ይሆናል፤ የአራተኛው ማርሽ 36 ለ21 ሲካፈል ደግሞ 1.71 ይሆናል። ሁለቱን ስናባዛ 5.55 እናገኛለን፤ ይህም በአራተኛ ማርሽ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ አምስት ጊዜ ተኩል ያህል መዞር አለበት ማለት ነው። በፒኤክስ 125 ላይ በብዛት የሚገኘው 20 በ68 (ትንሿ 20፣ ትልቁ 68 ጥርስ) ሲሆን ጠቅላላ ምጥጥኑ 5.83 ይደርሳል። ፒኤክስ 200 ግን 23 በ65 ስለሆነና አራተኛው ማርሽም 35 ጥርስ ስላለው ወደ 4.71 ይወርዳል። የ200ው ሞተር ይህን የቀለለ ማርሽ የሚሸከመው ጉልበት ስላለው ነው፤ 125ቱ ላይ ቢገጠም ከሜዳ ውጭ አይንቀሳቀስም።

የአሮጌ ስኩተር ሞተር ስንት እጅ እንዳለፈና ማን ምን እንደቀየረበት ስለማይታወቅ በመጽሐፍ የተጻፈውን ቁጥር ማመን አይገባም። ሞተሩን ሳይከፍቱ መቁጠር ይቻላል። ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) ይፍቱ፤ የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲለቅ ከሥር እንጨት ይደግፉ፤ የማቀዝቀዣ ፋኑን ክዳን አንስተው በቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ክንፍ ላይና በጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ጎማውን በእጅ ትንሽ እያወዛወዙ አራተኛ ማርሽ ያስገቡ። ከዚያ አንድ ሰው ጎማውን በቀስታ በትክክል አሥር ጊዜ ያዙር፤ ሌላው የቮላኖውን ዙር ይቁጠር። 58 ከሆነ 20 በ68 ነው፤ 55 ተኩል ከሆነ 21 በ68፤ 53 ከሆነ 22 በ68፤ 47 ከሆነ የፒኤክስ 200 ማርሽ ነው። ከእነዚህ የማይገጥም ቁጥር ከመጣ ድጋሚ ይቁጠሩ፤ ያው ቁጥር ከተመለሰ ግን ከፋብሪካ ያልወጣ ማርሽ ገብቶበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የጎማው ዙሪያ ይለካል። ነጂው ተቀምጦበት፣ ጎማው በትክክል ተነፍቶ፣ በጠመኔ ከተመለከተው ነጥብ ተነስቶ አሥር ዙር ወደፊት ይገፋና የተጓዘው ርቀት በሜትር ይለካል። የ3.50 በ10 ጎማ በአንድ ዙር 1.35 ሜትር ያህል ይሄዳል። 90/90 በ10 የተባለው ግን ወደ 1.31 ሜትር ስለሚጠጋ ማንም ጥርስ ሳይነካ ማርሹን በሦስት በመቶ ያከብደዋል፤ ጎማ ሲቀይሩ ይህን ማሰብ ይገባል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከተያዙ የሞተሩን ዙር ከፍጥነቱ ማወቅ ይቻላል። ፍጥነቱን በ1000 አባዝተው ለ60 ያካፍሉ፤ የተገኘውን ለጎማው ዙሪያ፣ ለ1.35፣ ያካፍሉና በጠቅላላ ምጥጥኑ ያባዙት። ለምሳሌ 21 በ68 የገጠመ ፒኤክስ 150 በአራተኛ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ሞተሩ በደቂቃ 5480 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል ማለት ነው። ሞተሩ 6000 ዙር ቢደርስ 20 በ68 በሰዓት 83፣ 21 በ68 ወደ 88፣ 22 በ68 ወደ 92፣ የ200ው ማርሽ ደግሞ 103 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቁጥሮቹ የሚናገሩት ሞተሩ 6000 ዙር ቢደርስ ስለሚሆነው እንጂ፣ ለመድረሱ ዋስትና አይሰጡም።

እኔም በዚሁ ተሳስቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በምነዳው መደበኛ ፒኤክስ 150 ላይ የ21 ጥርሷን አውጥቼ፣ ከ68ቱ ጋር እንድትሠራ የተቆረጠች ባለ 23 ጥርስ አስገባሁ፤ በወረቀት ላይ ስኩተሩ 96 መድረስ ነበረበት። በሜዳ ላይ በአራተኛ ቀድሞ 75 ይሮጥ የነበረው ከ70 አላልፍ አለ። ወደ ሦስተኛ ስመልሰው 73 ደረሰ። አራተኛው ከሦስተኛው ካነሰ ማርሹ ለሞተሩ ቀሎበታል፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት የለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ደግሞ ቀድሞ በሦስተኛ እየጎተተ ያወጣኝ በነበረው ዳገት ሦስተኛው ዙሩ እየወረደ ሄዶ አልወጣም አለ፤ ሁለተኛ ሳስገባ ሞተሩ እየጮኸ ተሳበ።

ምክንያቱ የከተማዋ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የፋብሪካው ማርሽ የተሰላው በጣሊያን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚነዳ ሞተር ነው። በመሆኑም በከፍታ ላይ የሚነዳ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ማቅለል ሳይሆን ማክበድ መሆን ይኖርበታል። እኔ በመጨረሻ ያስገባሁት 20 ጥርሷን ነው፤ በሜዳ ያው 75 ይሮጣል፤ ዳገቱን ግን በሦስተኛ ይወጣዋል። ከዚያ በፊት ግን ካርቡራቶሩ መስተካከል አለበት፤ በሳሳ አየር ላይ ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ብዙ ቤንዚን ስለሚሰጥ ሞተሩ ታፍኖ ጉልበቱ ከሚገባው በላይ ይወርዳል፤ በዚህ የሚመጣ ድክመት በማርሽ አይታከምም።

ለመወሰን የሚረዳው ፈተና የሚከተለው ነው። ረጅምና ሜዳ መንገድ ላይ፣ ትራፊክ በሌለበት ሰዓትና ከተፈቀደው ፍጥነት ሳያልፉ፣ ነፋሱ እንዳያታልልዎት በሁለቱም አቅጣጫ ይንዱና የአራተኛውን ከፍተኛ ፍጥነት በስልክ ጂፒኤስ ይመዝግቡ፤ የስኩተሩ የፍጥነት ሰዓት አብዝቶ ስለሚያሳይ አይታመንም። የተገኘውን ፍጥነት ወደ ዙር ይለውጡ። መደበኛ ፒኤክስ 150 ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው ከ5500 እስከ 6000 ዙር ባለው መካከል ነው። ሞተሩ ከዚህ በታች ከቆመ ማርሹ ቀሎበታል። በቀላሉ አልፎ ከሄደና ተጨማሪ የሚፈልግ ከመሰለ ደግሞ አንድ ጥርስ መጨመር ይቻላል። ወደ 177 ሲሲ በሚያሳድገው ባለ 63 ሚሊሜትር ሲሊንደር የተሠራ ሞተር ላይ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው፤ በ20 ወይም በ21 ጥርስ ያለ ጥቅም ይጮኻል፤ 22 ወይም 23 ጥርስ ይስማማዋል።

በሁለቱም በኩል ስህተቱ ሞተር ይጎዳል። ማርሹ ከቀለለ ነጂው በዝቅተኛ ዙር ቤንዚን ሞልቶ ስለሚሰጥ ሞተሩ እየተጨነቀ ይግላል። ከከበደ ደግሞ ችግሩ ቁልቁለት ላይ ይመጣል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ዘግቶ በከፍተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ መውረድ ፒስተኑን ያለ በቂ ዘይት ያስኬደዋል፤ ሲብስም ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ጎማውን ሊይዘው ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዞ ጥቂት ነዳጅ መስጠት ይገባል።

እስካሁን የተነጋገርነው አራቱንም ማርሾች በአንድነት ስለማክበድና ስለማቅለል ነው። ከዚህ የተለየ ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በፒኤክስ 200 ላይ ሦስተኛውን እስከ 6000 ዙር ጎትተው አራተኛ ሲያስገቡ ሞተሩ ወደ 4470 ዙር ይወርዳል። መደበኛው ሞተር ከታች ጀምሮ ስለሚጎትት አይቸገርም፤ ጉልበቱ በጠባብ ዙር ላይ እንዲከማች የተሠራው ሞተር ግን እዚያ ላይ ይሞታል፤ ዳገት ወይም ነፋስ ሲመጣ ነጂው በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ሲመላለስ ይውላል። የትንሿን ጥርስ ቁጥር መቀየር ይህን ክፍተት አይነካውም፤ አራቱን እኩል ያንቀሳቅሳቸዋልና። መፍትሔው ባለ 35ቱን አራተኛ ማርሽ በባለ 36ቱ መተካት ነው፤ ዙሩ ከ4600 አይወርድም። ልዩነቱ 130 ዙር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አፋፍ ላይ ለቆመ ሞተር መውጣትና አለመውጣትን የሚለየው ይኸው ነው።

የሥራው ክብደትም ምርጫውን ይወስናል። ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማርሽ ለመቀየር የኋላው ጎማ ወልቆ የፍሪሲዮኑ ክዳን ይከፈታል፤ መሐል ላይ ያለው ዳዶ የራሱ ልዩ መፍቻ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ለሁለት አይከፈልም። ትልቁን 68 ወይም አራተኛውን ማርሽ ለመቀየር ግን ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መከፈል አለበት፤ ኩሽኔታውና ጉርኒሲዮኑም አብረው ቢታደሱ ይሻላል። ሲገጠም በአራቱ ማርሾች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.40 ሚሊሜትር መሆኑ በስፔሰር ይረጋገጣል፤ ከበዛ ማርሹ እየዘለለ ይወጣል።

ዕቃ ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ትንሿ ማርሽ የተቆረጠችው ለ68ቱ ነው ወይስ ለ65ቱ? የሁለቱ ማርሾች ጥርስ አይመሳሰልም፤ የ200ው ባለ 23 ጥርስ ከ68 ጋር አይሠራም፤ በግድ ቢገጠም እየጮኸ ይበላላል። ለየትኛው ፍሪሲዮን ናት? ባለ 6 ስፕሪንጉና ባለ 7 ስፕሪንጉ የተለያዩ ናቸው። አራተኛ ማርሽ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 በፊት ነው ወይስ በኋላ? በዚያ ዘመን የመስቀል ብረቱ ቅርጽ ስለተለወጠ የፊተኛውና የኋለኛው አይቀላቀሉም። ባለ ሰንሰለቱን ላምብሬታ፣ ሌላውን የጣሊያን ስኩተር፣ የያዘ ሰው ከዚህ ሁሉ ይድናል፤ የእርሱ ሞተር በሰንሰለት ስለሚሠራ የፊት ጥርሱን ቀይሮ የሰንሰለቱን ርዝመት ማስተካከል ይበቃዋል።

ሲጠናቀቅ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ 250 ሚሊሊትር ባለ 30 ቁጥር ዘይት ይጨመራል። ግጭት ለመቀነስ ልዩ ቅመም የተጨመረበት ዘመናዊ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ስለሚያንሸራትት አይመረጥም። ካንዴላውን ከመመለስዎ በፊት ጎማውን እንደገና አሥር ጊዜ አዙረው ቮላኖውን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በመቀመጫው ሥር፣ በታንከሩ አጠገብ፣ በማይለቅ ቀለም ይጻፉት።