ፍሬዛል ቨርብን ከራስ ውሎ መማር

የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርቦችን፣ ማለትም ግስና ተከታይ ቃል ተጣምረው እንደ አንድ ግስ የሚያገለግሉትን፣ ከኤ እስከ ዜድ የደረደረ ፎቶኮፒ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምነግረው ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ እንዲያስገባ ነው። የማስጠናው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምሽት ላይ ነው። አንዷ ተማሪዬ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ አንዱ ፋብሪካ ይሠራል፤ የቀሩት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው። «ሉክ» ማየት፣ «አፍተር» ደግሞ በኋላ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ መሆኑን ግን ሁለቱን ደምሮ ማንም አያገኘውም።

ይህ ጠባይ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዳ አይደለም። «ቁጭ አለ» ስንል የተቀመጠው ሰው ምንም አላለም። «እጅ ሰጠ» ስንልም እጁ ከትከሻው አልተለየም፤ «ጊቭ አፕ» የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ «ለምን እንዲህ ሆነ?» እያላችሁ ከቃላቱ ጋር አትሟገቱ። ሁለቱን እንደ አንድ ግስ ተቀበሉና ወደ ሥራው ግቡ።

ደብተር ያዙና ከማለዳ ጀምሮ የምታደርጉትን በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ድርጊት የሚስማማውን ግስ ከመዝገበ ቃላት ፈልጉ። የእንግዳ ተቀባይዋ ደብተር እንዲህ ይጀምራል፦ ነቃች፣ «ዌክ አፕ»፤ ከአልጋ ተነሳች፣ «ጌት አፕ»። ነቅቶ መገላበጥ የሚወድ ሰው የሁለቱን ልዩነት ለማስታወስ አይቸገርም። መብራት ጠፍቷል፤ «ዘ ፓወር ሃዝ ጎን ኦፍ»። ውኃ በመጣ ሌሊት ጄሪካን መሙላት «ፊል አፕ» ነው፤ ጄሪካኑ ባዶ የሆነ ዕለት ደግሞ «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦፍ ዎተር» ትላላችሁ። እኛ ሰፈር እነዚህን ሁለቱን የረሳ ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

ልብስ ላይ ቆም በሉ። «ፑት ኦን» ልብሱን የማጥለቁ ድርጊት ነው፤ ለብሶ መዋሉ «ዌር» ይባላል። አማርኛችን ሁለቱንም «ለበሰ» ስለሚል ብዙዎች ያምታቱታል። ወደ መሀል ከተማ ስትሄዱም እንዲሁ ነው፤ አውቶቡስ ላይ «ጌት ኦን»፣ ስትወርዱ «ጌት ኦፍ»፤ ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት ላዳ ከሆነ ግን «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው።

ውሎ ብቻ ይበቃል ወይ ለሚል፣ ጋርድነር እና ዴቪስ በ2007 ያሳተሙት ጥናት መልስ አለው። ሰፊ የብሪታንያ እንግሊዝኛ የጽሑፍና የንግግር ክምችት መርምረው፣ 20 ግሶች ከ8 ተከታይ ቃላት ጋር ተጣምረው ከጠቅላላው የፍሬዛል ቨርብ አጠቃቀም ከግማሽ በላይ እንደሚሸፍኑ አሳይተዋል። ጎ፣ ካም፣ ቴክ፣ ጌት፣ ፑት፣ ተርን፤ ሁሉም ከማለዳ እስከ ማታ የምትጠቀሙባቸው ናቸው።

አሁን ብዙ አስተማሪ የሚዘለው ነገር። ተሳቢ የሚቀበል ግስ ስትጽፉ ሁልጊዜ «ኢት» ጨምሩበት፦ «ተርን ኢት ኦፍ» (አጥፋው)፣ «ሉክ አፍተር ኢት»። ምክንያቱም «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ትክክል ሲሆኑ፣ ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መሀል መግባቱ ግዴታ ነው፤ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሉክ አፍተር» ደግሞ ጨርሶ አይከፈልም። ጆሮም ይረዳል፤ «ተርን ኢት ኦፍ» ስትሉ ድምፅ የሚጠነክረው «ኦፍ» ላይ ነው፣ «ሉክ አፍተር ኢት» ስትሉ «ሉክ» ላይ። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ጎረቤት ቢሰማ ምን አለበት።

አንዱ ግስ ብዙ ትርጉም ሲኖረው ሁሉንም በአንድ ቀን አትሸምድዱ። ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን «ቴክስ ኦፍ» ይባላል፤ ጃኬት ማውለቅም «ቴክ ኦፍ» ነው፤ ነገር ግን ጃኬቱ ተሳቢ ሲሆን አውሮፕላኑ ራሱ ባለቤት ነው። አንዱን ትርጉም ከነዓረፍተ ነገሩ ያዙ፤ ሌላውን በንባብ ስታገኙት ትጨምሩታላችሁ። ተከታዩ ቃል አንዳንዴ ፍንጭ ይሰጣል፤ «ዩዝ አፕ» (ተጠቅሞ መጨረስ) እና «ኢት አፕ» (በልቶ መጨረስ) ውስጥ ያለው «አፕ» አሟጦ መጨረስን ያሳያል፣ «ካሪ ኦን» ውስጥ ያለው «ኦን» መቀጠልን። ፍንጭ እንጂ ሕግ አይደለም፤ «ተርን አፕ» ብቅ ማለት ሲሆን ያሟጠጠው ነገር የለም።

ትምህርት ቤት ከ«ፑት ኦፍ» (ማራዘም) በፊት «ፖስትፖን»ን፣ ከ«ፑት አፕ ዊዝ» (መታገስ) በፊት «ቶለሬት»ን አስተምሮናል፤ ትርጉማቸው አንድ ነው። ለፈተናም ለሪፖርትም ጥሩ ነው። የሆቴል እንግዳ ፊት ግን ደብዳቤ የምናነብ ያስመስለናል፤ ስለዚህ በደብተሩ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉና አንዱን «ለጨዋታ»፣ ሌላውን «ለጽሑፍ» በሉት። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» (በጉጉት መጠበቅ) በሥራ ማመልከቻ መጨረሻም ይገባል፤ እዚያ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች ተከትሏት የሚመጣው «ሂሪንግ» ነው። «ሂር» (መስማት) ብላችሁ ከሆነ ሳትልኩት አርሙት።