የጠፋ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ቦታ ለምትፈልጉ

ጎንደር፣ ከአምቦበር ብዙ የማይርቅ አንድ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረ። ነዋሪዎቹ እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ጸሎት ቤቱ የት እንደነበረ ግን ማወቅ አቃተኝ። የጭቃና የሣር ቤት ሰው ከለቀቀው ክረምት አይምረውም።

ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ሌላዋ የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃ ብቻ ትመጣለች። የድሮ ፎቶዎች ቤቱን ያሳያሉ እንጂ ቦታውን አይናገሩም። የሳተላይት ምስል በዋትስአፕ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ላሉ አንዲት የመንደሩ ተወላጅ እናት ላክሁ። «ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አገሩን ከሰማይ አይቶ የሚያውቅ ማን አለ?

የሠራልኝ ይኸው። ኮምፒውተር ላይ ጉግል ኧርዝ ፕሮ የሚባለውን የሳተላይት ካርታ ፕሮግራም ከፈትሁ፣ ነጻ ነው። ወንዙ ጋ ወርጄ ሺፍትን ተጭኜ የማውሱን ጎማ ሳሽከረክር ምስሉ ጋደል አለ። ጋራው ከወንዙ ሽቅብ እንደሚታይ ሆነ። እሱን ልኬ «እማማ፣ ውሃ ሊቀዱ በየት ነበር የሚወርዱት?» አልኋቸው። ወዲያው ጋራውን ለዩት!

ከወንዝ መጀመር ያዋጣል። ቤተ እስራኤል ለመንጻት ሕጋቸው ሲሉ ወራጅ ውሃ አጠገብ ይሰፍሩ ነበር። ቀጥሎ የደም ጎጆዋን ጠየቅሁ። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚቆዩባት፣ መንደር ዳር ያለች፣ በድንጋይ የተከበበች ናት። ድንጋይ ደግሞ ይቆያል። (ይህን ሴቶችን ጠይቁ፤ ወንዶቹ ያልፉታል።) ከእሷ ተነስተው የፋሲካው መሥዋዕት የሚታረድበትን የጸሎት ቤቱን ግቢ አሳዩኝ። የልጅ ልጃቸው ምስሉ ላይ በቀይ ከበበችው።

ቦታውን እዚያው በፒን ምልክት አድርጋችሁ በኬኤምኤል (KML) ፋይል፣ ማለትም የካርታ ቦታን በሚይዝ ፋይል፣ አስቀምጡ። ስክሪንሾት ብቻውን ኮኦርዲኔት (የቦታውን መገኛ ቁጥር) አይዝም።