አዲስ የመኪና እስፒከር ተገጥሞም ቤዙ ሲቀደድ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና ሙዚቃ የሚገጥም ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቅሬታ «አዲስ እስፒከር አስገጠምኩ፣ ቤዙ ግን ከድሮው ባሰ» የሚል ነው። ባለመኪናው እስፒከሩ ፎርጅድ ነው ይላል። ሻጩ ገጣሚውን ይወቅሳል። ገጣሚው ደግሞ ሌላ እስፒከር ያስገዛል፣ እሱም ከወር በኋላ ይቃጠላል። ከነዚህ መኪናዎች አብዛኞቹ ላይ እስፒከሩ ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ወደ እሱ የሚላከው ሲግናልና ሲግናሉን የሚያሳድገው ኃይል ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ እስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ፊውዝ ማየት፣ የላላ ሽቦ መነካካት፣ ባላንስና ፌደር መሃል ላይ ማድረግ የምታውቁት ነገር ስለሆነ አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የምትሞክሩበት ዘፈን ራሱ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። ከእጅ ወደ እጅ በቴሌግራም የዞረ፣ ፍላሽ የሚጭን ሱቅ ድምጹን አጩሆ የገለበጠው ፋይል ውስጥ ቤዙ ቀድሞውኑ የተቀደደ ነው። እሱን የሚያስተካክል አምፕ (የቴፑን ሲግናል የሚያሳድገው ሳጥን) የለም። ያንኑ ዘፈን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ሰምታችሁ እዚያም ከሻከረ መኪናውን ተዉት።

ምልክት፦ ድምጹ ከግማሽ ሲያልፍ ቤዙ ይሻክራል፣ ይቀደዳል

ከአሥር መኪና ዘጠኙን ወደ ጋራዥ የሚያመጣው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ቴፑ ወይም አምፑ ካለው ቮልት በላይ ሲጠየቅ የድምጹ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። ክብ መሆን የነበረበት ጠፍጣፋ ይሆናል። ጆሮ ይህን እንደ ሻካራ፣ እንደ ተቀደደ ቤዝ ይሰማዋል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሞገድ ያው ከፍታ ካለው ንጹሕ ሞገድ እጥፍ ኃይል ይሸከማል፣ ያ ትርፍ ኃይል ሙቀት ሆኖ ኮይሉ (እስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ላይ ያርፋል። የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚመስል ሽታ በሩ ጋ ከሸተታችሁ ኮይሉ እየበሰለ ነውና ወዲያው ዝጉት።

አምፕ የሌለው መኪና ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ቴፑ ፊት ላይ «50 ዋት በ4» (ለአራት እስፒከር ለእያንዳንዱ 50 ዋት) የሚል ጽሑፍ አለ። አትመኑት። ሞተር በርቶ ያለው ቮልት 14 አካባቢ ነው። ከዚህ የሚወጣው የድምጽ ቮልት ቢበዛ 10 ገደማ ነው፣ 10 ቮልት ደግሞ 4 ኦም ላይ 25 ዋት ነው። ንጹሑ ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው። ትልቅ ማግኔት ያለው፣ ኮኑ (ፊቱ ላይ የሚንቀሳቀሰው ክፍል) ከባድ የሆነ እስፒከር በዚህ ኃይል ስለማይጠግብ ባለመኪናው ቮልዩሙን ይጨምራል፣ ቤዙን ይጨምራል፣ ቴፑም ሞገዱን መቁረጥ ይጀምራል። ስለዚህ አምፕ ለማስገባት ካላሰባችሁ ሴንሲቲቪቲው (በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየው ቁጥር) 90 ዲሲቤል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቀላል ኮን ያለው እስፒከር ምረጡ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «1000 ዋት» አትዩ። አርኤምኤስ (ሳይቋረጥ የሚችለው ዋት) የሚለውን ትንሹን ቁጥር ፈልጉ፣ ካልተጻፈ አትግዙት። እጅ ላይ የማይከብድ፣ ማግኔቱ ከሻይ ስኒ ማስቀመጫ የማይበልጥ እስፒከር 1000 ዋት ሊሆን አይችልም፣ ይህን እያወቁ የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

አምፕ ያለው መኪና ላይ ጥፋተኛው ጌን የሚባለው ቁልፍ ነው። ጌን ቮልዩም አይደለም! ሥራው ቴፑ የሚልከውን ሲግናል ከአምፑ ጋር ማመጣጠን ብቻ ነው። ብዙ ገጣሚ ግን ሞቅ እንዲል እስከ መጨረሻው አዙሮ መኪናውን ያስረክባል።

በዚህ ላይ ቤዝ በየቦታው ይደራረባል። ስልኩ ላይ ኢኳላይዘር፣ ቴፑ ላይ ቤዝ፣ ጎኑ ላይ ላውድ የሚል ቁልፍ፣ አምፑ ላይ ደግሞ ቤዝ ቡስት አለ። እያንዳንዱ 3 ዲሲቤል ኃይሉን እጥፍ እንደሚያደርግ አስቡ። ቴፑ ላይ 6፣ አምፑ ላይ 12 ዲሲቤል ከተጨመረ ድምሩ 18 ነው፣ ይህም 63 እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ቤዙ 2 ዋት ይበቃው የነበረ ዘፈን አሁን 126 ዋት ይጠይቃል። ያን የሚሰጥ አምፕ ስለሌለ ሞገዱ ይቆረጣል።

አንድ የጥር ሠርግ ላይ ሙሽራ የሚያጅብ ሚኒባስ ሹፌር «ጋሼ፣ እስፒከሩ አይረባም፤ ሌላ ያስገቡልኝ» ብሎ መጣ። በዚያው የሠርግ ወቅት የኋላዎቹን ደጋግሞ ቀይሯቸዋል፣ ሁሌም ከአንድ ሱቅ፣ ሁሌም ከፊተኛው በሚበልጥ ዋጋ። የአምፑን ክዳን ሳነሳ ጌኑ ጫፍ ደርሷል፣ ቤዝ ቡስቱም ጫፍ ደርሷል፣ ቴፑ ላይ ላውድ በርቷል። ሁሉንም ዜሮ መልሼ ጌኑን አስተካከልኩ። ድምጹ መጀመሪያ ያነሰ መሰለውና ቅር አለው። ቮልዩሙን ራሱ ከፍ ሲያደርገው ግን የከበሮው ምት አንድ በአንድ ተለይቶ ወጣ። ያለ አዲስ እስፒከር ሄደ።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ቴፑ ላይ ቤዝ፣ ትሬብል፣ ላውድ ሁሉም ዜሮ። የስልኩ ኢኳላይዘር ይጥፋ። አምፑ ላይ ቤዝ ቡስት ዜሮ፣ ጌን ዝቅተኛው ላይ። የእስፒከሩን ሽቦ ከአምፑ ንቀሉ። ሞተር አስነሱና ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉ። ለቡፈር (ለትልቁ የቤዝ እስፒከር) የ50 ኸርዝ ቶን (አንድ ወጥ የመሞከሪያ ድምጽ)፣ ለበር እስፒከር የ300 ኸርዝ ቶን አጫውቱ (ርካሽ ቴስተር፣ ማለትም ቮልት መለኪያ፣ ከ400 ኸርዝ በላይ በትክክል አያነብም)። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የአምፑ መውጫ ላይ ያዙ። የምትፈልጉት ቮልት ዋቱ በኦሙ ተባዝቶ ስኩዌር ሩቱ ነው። አምፑ 4 ኦም ላይ 75 ዋት ከሆነ 300 ይሆናል፣ ስኩዌር ሩቱ 17.3 ቮልት። 4 ኦም ላይ 300 ዋት ከሆነ 34.6 ቮልት። ጌኑን ቀስ እያላችሁ እዚያ አድርሱና አቁሙ። ለዋቱ የአምፑንና የእስፒከሩን እውነተኛ አርኤምኤስ አይታችሁ ትንሹን ውሰዱ። ቴስተር ከሌለ ሽቦውን መልሳችሁ በምታውቁት ዘፈን ጌኑን ከፍ አድርጉ፣ መሻከር ሲጀምር ጥቂት መልሱት።

ከዚያ ፊልተሩ። የበር እስፒከር ላይ ኤችፒኤፍ (ከቁጥሩ በታች ያለውን ቤዝ የሚያግደው) 80 ኸርዝ፣ ቡፈር ላይ ኤልፒኤፍ (ከቁጥሩ በላይ ያለውን የሚያግደው) 80 ኸርዝ። ይህን መዝለል ጌኑን እንደ ማበላሸት ነው። አንድ ኮን 80 ኸርዝ ላይ የሚሰጠውን ያህል ድምጽ 40 ኸርዝ ላይ ለመስጠት 4 እጥፍ ርቀት መሄድ አለበት። ስድስት ተኩል ኢንች የሆነ የበር እስፒከር ይህን አይችልም፣ ሲሞክር ኮይሉ ከኋላው ብረት ጋር ይጋጫል። ያ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምጽ እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴፑን ከሦስት አራተኛ በላይ አትክፈቱ። ጌኑን ካስተካከላችሁ በኋላ ረዳቱም፣ ታናሽ ወንድማችሁም እንዳይነካው ጎኑ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ሁለት ባለ 4 ኦም ቡፈር በፓራሌል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ስታስሩ 2 ኦም እንደሚሆን አትርሱ፣ አምፑ 2 ኦም የማይችል ከሆነ ይቃጠላል። ዘመድ «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ቤዝ ቡስቱን ሊነካ ሲል እጁን ያዙት።

ምልክት፦ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደክማል፣ ቤዙም አብሮ ይሟሽሻል

ምክንያቱ ማሳው (አምፑን ከመኪናው ላሜራ ጋር የሚያገናኘው ኔጌቲቭ) እና ገመዱ ነው። ሞተር በርቶ፣ ሙዚቃው እየመታ የአምፑን ፕላስና ማሳ ለኩ። ከ13.5 በላይ ጤና ነው፣ ምቱ ላይ ከ12 በታች ከወረደ ችግር አለ። ቀጥሎ ቴስተሩን ከአምፑ ማሳ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ያዙ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው መጥፎ ነው።

ማሳ የሚበላሸው ሁሌም በአንድ ዓይነት ስንፍና ነው። አንድ ቪትዝ ላይ ገጣሚው የወንበር ቡሎን ፈትቶ ከሥሩ የማሳውን ቀለበት አስገብቶ መልሶ አጥብቆታል። ቀለበቱ የቆመው ቀለም ላይ ነበር። ከሥሩ ያለውን ቀለም በቢላ ፍቄ ነጩ ላሜራ ሲወጣ፣ ቡሎኑን መልሼ ሳጠብቅ፣ መብራቱ መድከሙን አቆመ። ሥራው ቀለም መፋቅ ብቻ ነበር። የማሳው ገመድ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ፣ ውፍረቱም ከፕላሱ ገመድ እኩል ይሁን። ከፋቃችሁት በኋላ እንዳይዝግ ግሪስ ቀቡት።

ገመዱን በተመለከተ፦ በኪት የሚሸጠው ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ገመድ አብዛኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ያው ነው፣ ከመዳብ ሁለት ሦስተኛ እንኳን በቅጡ አያሳልፍም። ለ300 ዋት አምፕ እውነተኛ መዳብ ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይበቃል። የቤት መብራት የሚዘረጋበትን ባለ 2.5 ገመድ ምንጣፍ ሥር የሚቀብሩ ገጣሚዎች አሉ። 5 ሜትር ላይ 30 አምፔር ሲሳብበት 1 ቮልት ገደማ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ምንጣፍም ያቀልጣል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ይሁን። ይህ ካልሆነ ገመዱ የሆነ ቦታ ተላጭቶ ላሜራ ሲነካ የሚያቋርጠው ነገር ስለሌለ መኪናው በእሳት ይያያዛል። ይህን በቀላሉ አትዩት።

ካፓሲተር (ለቤዙ ምት ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) ግዙ የሚላችሁን ለጊዜው ተዉት። ማሳና ገመድ ሳይስተካከል ካፓሲተር ገንዘብ መጣል ነው።

አይሱዙ ላላችሁ

አይሱዙ ኤንፒአር 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስረዋል። ቴፕና አምፕ ለማስነሳት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መሳብ በአካባቢያችን የተለመደ ነው፣ ግን ባትሪ ይገድላል። የተሳበበት ባትሪ ሁሌ ጎድሎ ያድራል፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ እየተሞላ ውሃውን ያፈላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሲወርድ ማለዳ መኪናው አልነሳም የሚለው ያኔ ነው። ቤዙም የሚሻክረው የጎደለው ባትሪ ቮልቱ ስለሚወርድ ነው። መፍትሄው ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ነው፣ ግን አምፔሩን እዩ። 20 አምፔር የሚል ኮንቨርተር 240 ዋት ገደማ ነው የሚያስገባው፣ ስለዚህ ከ150 ዋት አርኤምኤስ በላይ አምፕ አትስቀሉበት። ለቴፕ ብቻ የተሠራውን ትንሹን ኮንቨርተር ለአምፕ የሚሸጡ አሉ፣ ተጠንቀቁ።

ምልክት፦ እስፒከሩ አዲስ ነው፣ ድምጹ ይጮሃል፣ ቤዝ ግን የለም

አንዱ እስፒከር ፕላስና ማይነሱ ተገላብጦ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ባላንሱን ወደ አንድ ወገን ስትወስዱ ቤዙ ከጨመረ በርግጥ ይሄ ነው። ሽቦውን ከቴፑ ነቅላችሁ አንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነኩት፣ የድንጋዩ ፕላስ ከእስፒከሩ ፕላስ ጋር ሲገናኝ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ተገላብጦ ካልሆነ በሩን እዩ። ከእስፒከሩ ኋላ የሚወጣው አየር በበሩ ቀዳዳዎች ዞሮ ከፊቱ ጋር ከተገናኘ ቤዙ ይሞታል። የፋብሪካው ፕላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ሲቀር ጥቂት ገጣሚ ነው የሚመልሰው። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ጀርባው ፎይል በሆነ የሬንጅ ፕላስተር ዝጉ፣ የውሃ መውጫዎቹን ግን አትዝጉ፣ በክረምት በሩ ውሃ ይይዛል። እስፒከሩና ላሜራው መካከል ከኮምፔርሳቶ የተቆረጠ ቀለበት፣ ዙሪያውን ስፖንጅ። ይህን ብቻ ሠርታችሁ የድሮው እስፒከር ራሱ አዲስ ሲመስል ትሰማላችሁ። ቤዙ የሚንቀጠቀጥ የሚመስላችሁ ከሆነ ደግሞ እየመታ ሳለ የበሩን ሽፋን በእጅ ተጫኑት፣ ድምጹ ከቆመ እስፒከሩ አይደለም፣ ክሊፑ ወይም የመስኮቱ ዘንግ ነው።

ምልክት፦ አምፑ ሸዋ ሮቢት ላይ ይጠፋል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይሠራል

ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ዋሻውን አልፋችሁ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ከብርድ ወደ ቆላ ነው የምትገቡት። ወንበር ሥር በምንጣፍ የተሸፈነ አምፕ ደጋ ላይ ይታገሳል፣ ቆላ ላይ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል። ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር አየር ይኑረው፣ ምንም አትጫኑበት። ይህ ካልበቃ አምፑ ላይ የታሰሩትን እስፒከሮች ኦም እንደገና ቁጠሩ።

የቡፈር ሳጥን

በችፑድ የተሠራ ሳጥን ክረምት ላይ ያብጣል፣ አየር ያስወጣል፣ ቤዙ ይነፋል። ኤምዲኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፔርሳቶ፣ 18 ሚሊሜትር፣ መገጣጠሚያው በሙጫ። የተዘጋ ሳጥን ለመማር የሚሻል ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከተስተካከለበት ድምጽ በታች ኮኑን አይዘውም፣ ስለዚህ አምፑ ላይ ሰብሶኒክ ፊልተር (በጣም የወረደውን ቤዝ የሚያግደው) ካለ አብሩት። የተዘጋውን ውስጡን በጥጥ የሚሞሉ አሉ። የመንዝ በግ ጸጉር ታጥቦና ተነድፎ ከገባ ይበልጣል፣ ድምጹን ያለሰልሳል፣ ግን ብል እንዳይገባበት ሳጥኑ በደንብ ይታሸግ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ሞተሩ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ፉጨት ካለ የአርሲኤውን ገመድ (ከቴፑ ወደ አምፑ ሲግናል የሚወስደውን) ከኃይል ገመዱ ለዩ፣ በመኪናው ሁለት ጎን አሳልፏቸው።

በውርጭ ማለዳ የእስፒከሩ ላስቲክ ስለሚደርቅ ለጥቂት ደቂቃ በዝቅታ ክፈቱ።

በጠጠር መንገድ የሚውል መኪና አቧራ ኮይሉ ውስጥ ይገባበታል። ኮኑን በሁለት እጅ እኩል ገፋ ስታደርጉት ፍርክርክ የሚል ድምጽ ካለ ኮይሉ ተጎድቷል፣ ይህ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ከመቀየራችሁ በፊት ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ለኩት፣ ባለ 4 ኦም እስፒከር ከ3 እስከ 4 መካከል ያሳያል። ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተበጥሷል፣ ከ2 በታች ከሆነ ተቃጥሎ ተጣብቋል። እንዲህ ያለውን እስፒከር አምፑ ላይ አታስሩት፣ አምፑንም ይዞት ይሄዳል።