ደማቅ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩት

ትንሽ ቤታችሁን አስፋፍታችሁ እንደ ሜክሲኮ ቤቶች ልታደምቋት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ አሮጌው ግድግዳ ከምን እንደተሠራ እዩ። የጭቃ ጡብ ከሆነ እባካችሁ ፕላስቲክ ቀለም አትቀቡት። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። መውጫው ሲዘጋበት ቀለሙ ያብጥና ከነልስኑ ይረግፋል።

ሜክሲኮዎች ለዚህ ኖራ ይጠቀማሉ። የተቦካውን ኖራ እንደ ወተት አቅጥኑት፤ ከዚያ ኖራ የማያነጣው የማዕድን ቀለም በጥብጣችሁ ጨምሩበት። ለቀይና ለቢጫ የብረት ኦክሳይድ አሪፍ ነው። ቀለሙ ከኖራው ክብደት 10 በመቶ አይለፍ፤ ካለፈ ልብስ ላይ ይለቃል። ግድግዳውን ውሃ ርጩና ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት አድርጉ።

እርጥቡ ቀለም አያታልላችሁ፤ ሲደርቅ በጣም ይፈዛል። የበር ስፋት ያህል ቀብታችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩት። በሜክሲኮ ሲቲ፣ ኮዮአካን ሰፈር ያለው የሠዓሊዋ ፍሪዳ ካሎ ሰማያዊ ቤት ለእኔ ውበቱ ከግቢው አረንጓዴ ተክል ጋር ሲታይ ነው። እናንተም ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ዛፍ ትከሉ።

አዲሱን ክፍል ደግሞ ከአሮጌው ጋር በሲሚንቶ አታጣብቁት። አዲሱ መሠረት እስኪረጋ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። መሃሉ ላይ ትንሽ ክፍተት ትታችሁ በሚለጠጥ ማሸጊያ ድፈኑት።