ሳምንቴ 8 ቀን ነው፦ አዳር እየሠሩ ለማራቶን መዘጋጀት

ነርስ ነኝ። ሁለት ቀን እሠራለሁ፣ ሁለት ሌሊት አድራለሁ፣ ከዚያ አራት ቀን አርፋለሁ። እያንዳንዱ ፈረቃ 12 ሰዓት ነው።

ለመጀመሪያው ማራቶኔ ስነሳ የያዝኩት ፕሮግራም የ16 ሳምንት ነበር። ማክሰኞ ፍጥነት፣ እሁድ ረጅም ሩጫ ይላል። እኔ ግን ቋሚ እሁድ የለኝም። ፕሮግራሙ እንዳይበላሽብኝ ብዬ አንድ እሁድ ጠዋት ከአዳር ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣ 28 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ወጣሁ። 19ኛው ላይ ዓይኔ ከደን አለ። የአስፋልቱን ጠርዝ ሳትኩና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። አምስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው ማንም ያንን እንዳይደግመው ነው።

ቀኑን ሳይሆን ዙሩን ቁጠሩ

ጡንቻና ጅማት ሰኞን ከሐሙስ አይለዩም። የሚያውቁት ጫናና እረፍት ነው። ስለዚህ የሥራ ፕሮግራማችሁ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚደገም ቁጠሩ። የእኔ 8 ቀን ነው። 16 ሳምንት 112 ቀን ነው፤ ለ8 ሲካፈል 14 ዙር ይሆናል። 16 ረጅም ሩጫ የነበረው ወደ 14 ወረደ ማለት ነው። ሁለቱ ቀሩብኝ፤ 14ቱን ግን እንቅልፍ ጠግቤ ነው የምሮጣቸው።

በአንድ ዙር ውስጥ ከባድ ልምምድ ሁለት ብቻ ነው የማስገባው። ረጅሙ ሩጫ 7ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ከአዳር ከወጣሁ ሁለት ሌሊት በደንብ ተኝቻለሁና። የፍጥነቱ ልምምድ 3ኛው ቀን ላይ ነው። ይህን ቀን ብዙ ሰው ያባክነዋል። የመጀመሪያው አዳር የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ስለሆነ ጠዋቱ የእናንተ ነው፤ ሌሊቱንም ተኝታችኋል። ጠዋት ኢንተርቫሌን (በፍጥነት እየሮጡ በመሀል ቀስ እያሉ የሚሠራውን ልምምድ) ሠርቼ፣ በልቼ፣ ከሰዓት በኋላ 90 ደቂቃ እተኛለሁ። ማታ ሥራ የምገባው ከሌላው ጊዜ ነቃ ብዬ ነው።

የቀሩት ቀናት ሶምሶማ ወይም እረፍት ናቸው። ቀን በምሠራባቸው ሁለት ቀናት ቢበዛ 30 ደቂቃ እሮጣለሁ፤ አንዳንዴም ምንም። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ መዋል ለእግር ራሱን የቻለ ጫና ነውና አትናቁት። በሁለቱ አዳሮች መካከል፣ ከእንቅልፍ ስነሳ 40 ደቂቃ ቀስ ብዬ እሮጣለሁ። ከአዳር የወጣሁበት ቀን አልሮጥም። ሦስት አራት ሰዓት ተኝቼ እነሳና በእግሬ ዞር ዞር እላለሁ፤ ማታ በጊዜ እተኛለሁ። በየአራተኛው ዙር ኪሎ ሜትሩን በሲሶ እቀንሳለሁ።

ፈረቃችሁ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ፣ ማለትም አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት አዳር ከሆነ፣ ዙራችሁ 21 ቀን ነው። ከባዱን ከሰዓት በምትገቡበት ሳምንት ሰብስቡት፤ ጠዋታችሁ ነፃ ነው። የአዳሩ ሳምንት ማገገሚያ ይሁን።

እንቅልፍ

እኔ እንቅልፍን ልምምድ ብዬ ነው የምመዘግበው። ሰውነት የተጎዳውን የሚጠግነው በዋናነት ስንተኛ ነው፤ የእድገት ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው በጥልቁ እንቅልፍ ላይ ነው። ማስታወሻዬ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የተኛሁበት ሰዓት አለ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት እንደተኛሁ እደምራለሁ። ከአምስት ሰዓት በታች ከሆነ ሩጫው ወደ እርምጃ ይቀየራል። ይህ የራሴ ሕግ ነው። ካወጣሁት ወዲህ ጉዳት አልገጠመኝም።

ቀን ላይ ለመተኛት ትልቁ ጠላት ብርሃን ነው። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን ያፍነዋል። ጠዋት ስወጣ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ፤ መኪና ለሚነዳ ግን መነጽሩ ድብታውን ስለሚያብስ አልመክርም። መኝታ ቤቱን በወፍራም መጋረጃ አጨልሙት። ስልኩ ከክፍሉ ውጭ ይደር። የቤት ሰው ደግሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፦ “ቀን 6 ሰዓት ላይ እኔን መቀስቀስ ሌላውን ሰው እኩለ ሌሊት መቀስቀስ ነው” ብዬ ነው ያስረዳሁት።

ቡናም አለ። የጠጣነው ካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ) ከ5 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶም ግማሹ ሰውነታችን ውስጥ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለመተኛት ካሰባችሁ የመጨረሻዋ ስኒ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ባታልፍ ጥሩ ነው።

ሰዓቱን ሳይሆን ትንፋሹን እመኑ

የሰውነት ሙቀት ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ገደማ ነው። በማለዳ እግር የሚደድረው አንድም ለዚህ ነው። ከአዳር በኋላ ባሉት ቀናት የልብ ምትም ሆነ ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅብን ደቂቃ) ያሳስታል። በ6 ደቂቃ ቀለል ብሎኝ የምሮጠው ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድም ይከብደኛል። ስለዚህ እያወራሁ መሮጥ ከቻልኩ ልክ ነኝ፤ ካልቻልኩ እቀንሳለሁ። ማሟሟቂያውን ከ10 ደቂቃ ወደ 20 አሳድጉ። ምግብ ላይ ብዙ አልልም፤ በረጅሙ ሩጫ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድን ልመዱ፣ አዲስ ነገር ግን በውድድር ቀን አትሞክሩ።

“በዚህ ሥራ ማራቶን አይታሰብም” ለሚሉኝ ባልደረቦቼ እ.ኤ.አ. የ2018ቱን የቦስተን ማራቶን እነግራቸዋለሁ። ዝናብና ብርድ ነበር። ከሴቶች ሁለተኛ የወጣችው ሳራ ሴለርስ ሙሉ ጊዜዋን የምትሠራ የማደንዘዣ ነርስ ነበረች፤ 2 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ገባች። ወንዶቹን ያሸነፈው ዩኪ ካዋውቺም ያኔ የትምህርት ቤት ቢሮ ሠራተኛ ነበር። እኛ እነሱን አንሆንም። ቢሆንም ያን ዜና የሰማሁ ቀን ተረኛ ነበርኩ፣ ደስታዬን እስካሁን አልረሳውም።

ከመመዝገባችሁ በፊት

የውድድሩን ቀን ከሥራ ፕሮግራማችሁ ጋር አመሳክሩ። ከመጨረሻው አዳር እስከ ውድድሩ ቢያንስ ሦስት ሌሊት መተኛት አለባችሁ። ካልሆነ አሁኑኑ ፈረቃ የሚቀይራችሁ ሰው ፈልጉ። እኔ ከሦስት ወር በፊት ነው የምጠይቀው፤ በምላሹ የባልደረባዬን ሁለት የበዓል አዳር እገባላታለሁ። የመጨረሻውን ትልቅ ሩጫ ከውድድሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ጨርሱና ከዚያ ኪሎ ሜትሩን እየቀነሳችሁ ሂዱ።

ድንገት “ሰው ስለጎደለ ነይ” ተብላችሁ ዙሩ ቢበላሽ መጀመሪያ የሚሰረዘው ሶምሶማው ነው፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ። ረጅሙን ሩጫ አንድ ወይም ሁለት ቀን ግፉት። ከዚያም በላይ ከራቀ ተዉትና በሚቀጥለው ዙር ከነበራችሁበት ኪሎ ሜትር ቀጥሉ። ሁለቱን ባንድ ዙር ደርባችሁ ለማካካስ አትሞክሩ።