ኮል ኦፍ ዱቲ 4ን ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና እንዴት እንጫወተው?

በሚሊኒየሙ ዘመን አካባቢ ሐዋሳ ካደጋችሁ ይሄን ጌም ሳታውቁት አልቀራችሁም። ኮል ኦፍ ዱቲ 4፣ ሞደርን ዋርፌር የሚባለው የጦርነት ተኩስ ጌም፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ነው፤ እኛ አዲሱን ሚሊኒየም ከተቀበልን ሁለት ወር ገደማ ቢሆነው ነው። ከዚያ በዲስክ እየተገለበጠ፣ በፍላሽ እየዞረ በየኢንተርኔት ካፌውና በየጌም ቤቱ ገባ። አሁን ሥራ ውላችሁ ማታ ላፕቶፓችሁን ከፍታችሁ "እስቲ ያንን ጌም" ካላችሁ መንገዱን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ጌሙን ማሳመር ላይ ጊዜ አታጥፉ። አዲስ ግራፊክስ፣ ሞድ (ተጫዋቾች የሚሠሩት ማሻሻያ)፣ ምናምን እያሉ ሲያወርዱ ሰንብተው ሳይጫወቱት የሚቀሩ አሉ። እንደነበረ አስነሱት፣ ከድሮው ከበድ ባለ ደረጃ ተጫወቱት፣ ቀስ ብላችሁ ጨርሱት። በቃ።

1. ጌሙን ማግኘት

ሁለት ዓይነት አለ፤ የ2007ቱ ኦሪጅናልና እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ የወጣው። የታደሰው ያምራል፣ አልክድም። ግን ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፣ ዲስኩንም ዳታውንም ይበላዋል። ኦሪጅናሉ የሚጠይቀው 8 ጊጋ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ራሙም ያኔ 512 ሜጋ ይበቃው ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ለቢሮ ሥራ የተገዛ ተራ ላፕቶፕም ያለ ችግር ያጫውተዋል።

ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ አሁንም ይሸጣል። ችግሩ ብር አይቀበልም። በዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ማስቸገር ነው፤ ቅናሽ የሚበዛው በፈረንጆቹ ክረምትና በጋ ስለሆነ ልመናውን ለያኔ አቆዩት። ማውረዱን በሌሊት ጥቅል አድርጉት፤ ርካሽ ነው፣ መስመሩም ቀለል ይላል።

የድሮው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ብዙ ተስፋ አታድርጉ። አዲስ ላፕቶፕ የዲስክ ማጫወቻ የለውም። ቢኖረውም ዊንዶውስ 10 የዚያን ዘመን የኮፒ መከላከያዎች ስለማይቀበል ብዙ የድሮ ዲስኮች ገብተው አይነሱም። በፍላሽ የሚዞረውን ደግሞ ባትነኩት ይሻላል። ጌሙ ቢሠራ እንኳ አብሮት የሚገባውን ቫይረስ የሚያወጣላችሁ የለም።

2. ማስነሳትና ማስተካከል

ከፍታችሁት ወዲያው ከተዘጋ፣ ወይም ስለ ድምፅ የሚያወራ ስህተት ካመጣ አትደናገጡ። ይሄ ጌም ማይክሮፎን የሌለው ኮምፒውተር ላይ የማኩረፍ አመል አለው። ማይክ ያለው የስልክ ኢርፎን ሰክታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የመቅጃ መሣሪያው ተዘግቶ እንደሆነ እዩና ክፈቱት።

ሪዞሉሽኑን ከስክሪናችሁ ጋር አመሳስሉ። ሰብታይትሉን አብሩት፣ ሼም የለውም። በስናይፐሯ ሚሽን የምትከተሉት አዛዥ፣ ካፒቴን ማክሚላን፣ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ልጅ እያለን የሚለው ነገር ሳይገባን ዝም ብለን ነበር የምንከተለው፣ አሁን ግን አንብቡት፣ ሰውየው ቀልደኛ ነው። ማውስ ግዙ ወይም ተዋሱ። በላፕቶፑ ታችፓድ የሚተኩስ ሰው ራሱን ነው የሚቀጣው።

የመብራት ነገር አለ እንግዲህ። ጌሙ በፈለጋችሁት ሰዓት ሴቭ አያስደርግም፤ ራሱ ቼክፖይንት ሲደርስ ብቻ ነው የሚይዘው። ዴስክቶፕ ላይ ሆናችሁ ድንገት መብራት ከሄደ ካለፈው ቼክፖይንት ትጀምራላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ ተቀመጡ፤ መብራቱ እንደሄደ ግን ውጊያ አትጀምሩ፣ የያዛችሁትን ጨርሱና ቼክፖይንት የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ውጡ።

3. ደረጃ መምረጥ

መጀመሪያ ላይ ያለችውን ልምምድ ታስታውሷታላችሁ? በእንጨት የተሠራው የመርከብ ሞዴል። በገመድ ትወርዳላችሁ፣ በየክፍሉ የቆሙትን ኢላማዎች ትመታላችሁ፣ የሚያሳውረውን ቦምብ ወርውራችሁ ትገባላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሩጫ። ጋዝ የተባለው ወታደር በ19 ሰከንድ ጨርሷል ይላሉ። ጌሙ የእናንተን ሰዓት አይቶ የሚስማማችሁን ደረጃ ይመክራችኋል።

ምክሩን ስሙት፣ ግን ሁሉን አትመኑት። እጃችሁ ስለደነዘዘ ቀላሉን ቢነግራችሁም ደጋግማችሁ ሩጡና ከአራቱ ሦስተኛውን፣ ሃርድንድ የሚለውን ምረጡ። ቀላሉን ከመረጣችሁ ታሪኩ አጭር ስለሆነ ቅዳሜ ጀምራችሁ እሁድ ከሰዓት አልቆ "ይሄ ነው እንዴ?" ትላላችሁ። ቬተራን የሚባለው የመጨረሻው ደግሞ ለመጀመሪያ ዙር አይሆንም። እልህ ውስጥ ያስገባል፣ ቤተሰብም ያስቀይማል።

4. የተኩሱ ምስጢር

ልጅ ሳለን ብዙዎቻችን ያልገባን ነገር ይሄ ነው፦ ጠላቱ አያልቅም። እውነቴን ነው። በብዙ ቦታዎች ላይ ጌሙ እናንተ አንድ የማትታይ መስመር እስክታልፉ ድረስ አዲስ ወታደር መላኩን አያቆምም። መስኮት ስር ተደብቃችሁ አንድ በአንድ እየለቀማችሁ "ሲያልቁ እሄዳለሁ" ካላችሁ እዚያው ታድራላችሁ፤ እንደተነካ ጉንዳን ይፈላሉ። በከባዱ ደረጃ ደግሞ ጭራሽ ከተደበቃችሁበት ሊያስወጧችሁ የእጅ ቦምብ ያዘንባሉ።

ስለዚህ አካሄዱን ቀይሩ። መጀመሪያ ቀጣዩን መሸሸጊያ በዓይን ምረጡ፤ ግድግዳ ይሁን፣ የተቃጠለ መኪና ይሁን። የጭስ ቦምብ ካላችሁ ከፊቱ ጣሉ፣ ጭሱ እስኪወፍር ጠብቁ፣ ከዚያ ሩጡ። የሚያሳውረው ቦምብ ለበር ነው፣ ወርውሩና ፊታችሁን አዙሩ። መስመሩን ስታልፉ ከኋላ የሚመጣው ይቆማል፣ ጓዶቻችሁም ተነስተው ይከተሏችኋል። ስክሪኑ ከቀላ ተቀመጡ፤ ካልተመታችሁ ጤናው በራሱ ይመለሳል። መጨረሻ አካባቢ ያለው የሚሳይል ጣቢያው ጠባብ ኮሪደር ላይ ይሄን ካላወቃችሁ ኪቦርዱን ትሰብሩታላችሁ።

5. የማይሮጥባት ሚሽን

ሁሉም ሰው የሚያስታውሳት የስናይፐሯ ሚሽን ናት። ቦታው ፕሪፕያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኒውክሌር አደጋ ሲደርስ ነዋሪዎቿ ተጠቃለው የወጡባት ከተማ ናት፤ ጌሙ ውስጥ ዘመኑ 1996 ነው፣ ከአደጋው ከ10 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይቺን ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ በኢርፎን ተጫወቷት።

ዋናው ነገር ከማክሚላን አለመቅደም ነው። ሲቆም ቁሙ፣ ሲተኛ ተኙ። ሜዳው ላይ ወታደሮቹ ከነብረት ለበስ መኪናቸው በሰልፍ ሲመጡ ሣሩ ውስጥ ተለጥፋችሁ ትቀራላችሁ። ቡትስ ጫማቸው ከፊታችሁ ጥቂት ስንዝር ርቆ ያልፋል። እዚህ ላይ ስህተቱ መተኮስ ነው፣ መጣደፍም ነው። ሊረግጣችሁ የመጣ ካለ ብቻ ትንሽ ፈቀቅ በሉ፣ ከዚያ ደግሞ በድን ሁኑ። ውሻ ስታገኙ ካልተነካካችሁት አይነካካችሁም፤ እሱን ልግደል ያለ ሰው ጣጣ ይጠራል።

ቀጥላ የምትመጣው ከባዷ ናት። ማክሚላን ይጎዳል፣ ትሸከሙታላችሁ፣ ከዚያ ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ መንኮራኩር አጠገብ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ቦታውን መያዝ ነው። ጠላት ሳይመጣ በፊት ፈንጂዎቹን በሚመጡባቸው መንገዶች ላይ ቅበሩ፣ እሱን ሜዳውን በሚያይበት ቦታ አስቀምጡት፣ እናንተ ወደ ኋላ ሽሹ። ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍ ግን እሱን መሸከም አትርሱ፣ ጥላችሁት ከሄዳችሁ ሚሽኑ ከሸፈ።

6. ካለቀ በኋላ

የጌሙ ሠሪዎች ስም ዝርዝር መውረድ ሲጀምር አትዝጉት። ከሱ በኋላ የአይሮፕላኗ ትርፍ ሚሽን ትመጣለች። ቬተራን ላይ የሚሰጣችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሞከረ ያውቀዋል። ከዚያ አርኬድ የሚባለው በነጥብ የሚጫወቱት ይከፈታል። በየሚሽኑ የተደበቁ 30 ላፕቶፖችም አሉ፤ ስትሰበስቡ አስቂኝ ነገሮች ይከፈቱላችኋል፣ ለምሳሌ ጌሙን ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ።

7. ከጓደኞች ጋር

ለእኔ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው። ቅዳሜ አሞራ ገደል አሳ በልታችሁ፣ ከዚያ አቶቴም ይሁን አረብ ሰፈር አንዱ ቤት ተሰብሰቡ። ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዱ ስልኩ ላይ ሆትስፖት ይክፈት፣ ዳታ ባይኖረውም ይሆናል፣ ሁላችሁም ላፕቶፓችሁን እሱ ላይ አገናኙ። አንዱ ሰርቨር ይክፈት፣ ሌሎቻችሁ ዝርዝሩ ላይ ሎካል የሚለውን ምረጡ። ካልታየ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የሁላችሁም ቨርዥን አንድ አይደለም፣ ሁላችሁም 1.7 መሆን አለባችሁ። ወይ ደግሞ የዊንዶውስ ፋየርዎል ዘግቶታል፣ ለጌሙ ፍቀዱለት።

ኢንተርኔት ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር መጫወቱን ግን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2023 የዚህ ጌም ተከታይ በሆነው በ2009ኙ ሞደርን ዋርፌር 2 ላይ ሰዎች በጌሙ በኩል ወደ ሌላ ተጫዋች ኮምፒውተር ቫይረስ ሲያስገቡ ተገኝተው፣ ኩባንያው ለጊዜው ኦንላይኑን ዘግቶት ነበር። የቆዩ ጌሞች ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ብዙ የለም።

ማፕ (የመጫወቻ ቦታ) ሲመረጥ ክራሽ ወይም ባክሎት ጀምሩ። ሺፕመንት፣ ያቺ ኮንቴይነር የሞላባት ሚጢጢ ማፕ፣ አራት ሰው ሆናችሁ ስትጫወቱባት ትስቃላችሁ፤ ስምንት ከሆናችሁ ግን እንደተነሳችሁ ስለምትሞቱ ለማሳረጊያ አቆይዋት። ባትሪ ያለቀበት ሰው ስለማይጠፋ አከፋፋይ ገመድ የሚያመጣውን ከቀኑ በፊት ተነጋገሩ።